«ያለ ምንም ምክንያት ነከሰኝ»

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሥራዬ በአብዛኛው የጠባይ ችግር አለባቸው የተባሉ ውሾችን ማየት ሆኗል። ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ታሪካቸውን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በተመሳሳይ ቃል ነው። ያለ ምንም ምክንያት ጮኸ፣ ያለ ምንም ምክንያት ዘለለባት፣ ያለ ምንም ምክንያት ነከሰኝ ይላሉ። ይህን ስሰማ ብዕሬን አነሣለሁ፤ ምክንያቱ ውሻው ዘንድ አለ፤ የጠፋው ከተመልካቹ ነው። ከዚህ በታች በምጽፈው ጉዳይ ግን ምክንያቱ ለአንድ ወር ያህል ከእኔም ጠፍቶ ነበር።

ውሻውን ዳማ እለዋለሁ፤ ቤተሰቡ እንዳይታወቅ ስሙን ቀይሬዋለሁ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ የተኮላሸ፣ ዝርያው የተደባለቀ፣ መጀመሪያ ሲመጣ 34 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወንድ ውሻ። በቤቱ ውስጥ አባት፣ እናትና አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሉ። ዳማ የስምንት ሳምንት ቡችላ ሆኖ ሲመጣ ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አብረው አድገዋል ማለት ይቻላል። ጅራቱን ጎትታዋለች፣ ጆሮው ውስጥ ዘፍናለታለች፣ ሆዱን ተንተርሳ ተኝታለች። ለስድስት ዓመታት ተኩል አንድም ቀን ከንፈሩን አላነሣባትም።

ከዚያ በአራት ወር ውስጥ ሁሉም ነገር ተለወጠ። መጀመሪያ ሶፋ ላይ ተኝቶ ሳለ ልጅቷ ስታቅፈው አጉረመረመባት። በሳምንቱ ደገመ። በሦስተኛው ጊዜ ጥርሱን አገጠጠ። በመጨረሻም አባትየው አንድ ምሽት ከሶፋው ሊያወርዱት የአንገት ማሰሪያውን ይዘው ሲጎትቱት ዞሮ እጃቸውን ነከሳቸው። በአውራ ጣታቸው ሥር ሁለት ቀዳዳ ቀረ።

ስለ ንክሻ የቀረበልኝን ማንኛውንም ጉዳይ የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን መቼ ተከተበ? ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ሰው ከነከሰ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት፤ የተነከሰውም ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። የዳማ ክትባት ጊዜው አላለፈበትም ነበር፤ አባትየውም ታክመዋል። ወደ እኔ ሲመጡ ከንክሻው ሁለት ሳምንት አልፎ ውሻው ጤነኛ መስሎ ነበር፤ እየበላ፣ እየጠጣ፣ ጅራቱን እየቆላ።

አባትየው ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ዶክተር፣ ይህ ውሻ ሊገዛን ነው የሚፈልገው» አሉኝ። ሐሳቡ የእሳቸው አልነበረም። ውሻ ያውቃል የሚባል አንድ ወዳጃቸው ነው የነገራቸው፤ ዳማ ራሱን የቤቱ አለቃ አድርጎ ሾሟልና ከሥልጣኑ መውረድ አለበት። ስለዚህ ቤተሰቡ ከውሻው ቀድሞ እንዲበላ፣ በበር ከውሻው ቀድሞ እንዲወጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባጉረመረመ ቁጥር በጀርባው አስተኝተው እስኪረታ ድረስ እንዲይዙት መከራቸው። አባትየው ምክሩን ለሁለት ሳምንት በትጋት ፈጸሙት። ውጤቱም ያማረ መሰለ፤ ዳማ ማጉረምረም አቆመ። ንክሻው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያለ ማጉረምረም።

ይህ የአለቅነት ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምንጩ ውሻ እንኳ አይደለምና። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ የአራዊት ማቆያ ውስጥ የታጎሩ ተኩላዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ሥራ በተኩላዎቹ መካከል የማያቋርጥ የበላይነት ትግል እንዳለ ጻፈ። ሐሳቡን ለብዙኃን ካዳረሱት አንዱ አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜች ነበር። ራሱ ሜች ግን በዱር ያሉ ተኩላዎችን ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ በ1999 ባወጣው ጽሑፍ፣ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ያሉበት ቤተሰብ እንደሆነ፣ «አለቃ» የሚባለውም ወላጅ መሆኑን አስረዳ። አንድ ግቢ ውስጥ የታጎሩ የማይተዋወቁ ተኩላዎችን አይቶ ስለ ተኩላ መናገር፣ ከዚያም ከተኩላ ተነሥቶ ሶፋ ላይ ስለተኛ ውሻ መናገር ረጅም ዝላይ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ባወጣው የአቋም መግለጫ ባለሙያዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ሰውን እንዳይመክሩ አሳስቧል። ሜጋን ሄሮን የተባለች የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቿ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ላሳተሙት ጥናት የጠባይ ችግር ያለባቸው ውሾች ያሏቸውን 140 ሰዎች ጠይቀው ነበር። ውሻቸውን በጀርባው አስተኝተው ከያዙት መካከል 31 በመቶዎቹ፣ ከመቱት ወይም ከረገጡት መካከል ደግሞ 43 በመቶዎቹ ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናገሩ። ወዳጅ የሚሰጠው ምክር ሰው የሚያስነክስበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ማጉረምረም የውሻ «ተው» ነው። እሱም የመጀመሪያው አይደለም። ኬንዳል ሼፐርድ የተባለች እንግሊዛዊት የእንስሳት ሐኪም የውሻን የጭንቀት ምልክቶች በመሰላል መልክ ደርድራቸዋለች። ከታች ማዛጋት፣ ዓይን ማርገብገብና አፍንጫን መላስ አሉ። ቀጥሎ ፊትን ማዞር፣ ከዚያ ሰውነትን ማዞር፣ ከዚያ ጆሮን ወደ ኋላ አጥፎ መሸሽ ይመጣል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደርቆ መቅረትና ማፍጠጥ፣ ከዚያ ማጉረምረም፣ ከዚያ አየር ላይ መንከስ፣ በመጨረሻ ንክሻው። ማንም ያልሰማውን የታችኛውን እርከን ውሻው ይተወዋል፤ አይሠራለትምና። የተቀጣበትን ደግሞ ይደብቀዋል። ዳማ በጀርባው ተይዞ የተማረው ሰውን መውደድ ሳይሆን «ተው» ማለት አደገኛ መሆኑን ነው። የቀረለት አንድ እርከን ብቻ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። ከዚህ በኋላ ተሳሳትኩ።

የሰማሁት ታሪክ ሁሉ የሚያርፈው ሶፋ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ማጉረምረም፣ ጥርስ ማግጠጡ፣ ንክሻው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ «የመኝታ ቦታን መከላከል» ብዬ ጻፍኩ። ይህ የታወቀና የተለመደ ችግር ነው፤ ውሻው ምቹ ቦታ ይይዛል፣ ከዚያ የሚያነሣው ሰው ይመጣል፣ ቦታውን በጥርሱ ይጠብቃል። ሰውነቱን መረመርኩት፤ ነገር ግን ሰው የነከሰና ጠረጴዛዬ ላይ በፍርሃት ደርቆ የቆመ ውሻ እንደሚመረመር ያህል ብቻ፣ ማለትም በጥንቃቄና በችኮላ። «እግሮቹ ደህና» ብዬም ጻፍኩ። ሊወጡ ሲሉ እናትየዋ በር ላይ ቆመው፣ «ደግሞ ነጎድጓድ መፍራት ጀምሯል፤ ድሮ ግድ አልነበረውም። ይህ እንኳ ሌላ ነገር ነው» አሉ። እኔም በኅዳጉ ላይ «ሌላ ጉዳይ» ብዬ መዘገብኩ። ያ ገጽ አሁንም አለኝ።

የሰጠኋቸው ዕቅድ በራሱ መጥፎ አልነበረም። ማስተኛቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀረ። የአንገት ማሰሪያውን ማንም አይጎትትም፤ ዳማ ከሶፋው እንዲወርድ ከተፈለገ ከሩቅ በስሙ ይጠራል፣ ሲወርድ ቁራጭ ዶሮ ይሰጠዋል። ልጅቷ የተኛ ውሻ አትነካም፤ አዋቂ በሌለበት ክፍል ውስጥ ሁለቱ ለብቻቸው አይቀሩም፤ በሳሎኑ መግቢያ ላይ ዝቅ ያለ የሕፃናት በር ይደረጋል። የቅርጫት ቅርጽ ያለው የአፍ መከለያም ቀስ በቀስ እንዲለምድ አደረግን፤ ይህ ዓይነቱ ውሻው አፉን ከፍቶ እንዲያለከልክና ውኃ እንዲጠጣ ያስችለዋል። ልምምዱ ሁልጊዜ የሚጀምረው መከለያውን ፊቱ ላይ በማሰር ሳይሆን ውስጡ ምግብ አስቀምጦ ውሻው ራሱ አፍንጫውን እንዲያስገባ በመተው ነው።

እናትየዋ በዚያው ቀን ብዙ ሰው የሚፈራውን ጥያቄ ጠየቁኝ። ውሻው ለሌላ ሰው ይሰጥ ወይስ ይገደል? ለዚህ ጥያቄ በስሜት መመለስ አልወድም። ኢያን ደንባር የተባለው የእንስሳት ሐኪም ንክሻን በስድስት ደረጃ የሚለካበት ዘዴ አለው፤ መለኪያው የውሻው ቁጣ ሳይሆን በቆዳ ላይ የቀረው ጉዳት ነው። ጥርስ ቆዳ ካልነካ አንደኛ፣ ነክቶ ካልበሳ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በአንድ ንክሻ ከአንድ እስከ አራት ቀዳዳ ተበስቶ ጥልቀቱ ከክራንቻው ግማሽ ካላለፈ ሦስተኛ ይባላል። የአባትየው ቁስል ሦስተኛ ነበር። ውሻው 34 ኪሎ ነው፤ ቢፈልግ ኖሮ አጥንት ይደርስ ነበር። እየተጎተተም አንድ ጊዜ ብቻ ነክሶ መልቀቁ ለእኔ ተስፋ ነበር። ሆኖም እጁ የአዋቂ ባይሆንና በዚያው ከፍታ የልጅ ፊት ቢኖርስ? ስለዚህ «አይገደልም» አላልኩም፤ «እነዚህን ሕጎች ያለ አንዳች መዛነፍ ልትጠብቁ ከቻላችሁ ስምንት ሳምንት ስጡኝ» አልኩ። ሰጡኝ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ደስ የሚሉ ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ዝናብ መትቶት ሲገባ እናትየዋ መተላለፊያው ላይ በፎጣ ሲያደርቁት ዞሮ አየሩን ነከሰ፤ ጥርሱ እጃቸውን ሊነካ አንድ ጣት ያህል ቀርቶት ነበር። ሶፋው ከዚያ ሁለት ክፍል ይርቃል። የሚጠበቅ መኝታ የለም፣ ምግብ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። ምርመራዬ እዚያ መተላለፊያ ላይ ወደቀ።

በምርመራው ምትክ ያለኝ ነገር ስላልነበረ ማስታወሻ እንዲይዙልኝ ጠየቅኩ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ምን እንደሠራ፣ ማን እንደቀረበው፣ በየት በኩል እንደነካው፣ እሱስ ምን እንዳደረገ። ማዛጋትና አፍንጫ መላስ እንኳ ይጻፍ አልኩ። ደግሞም ሲራመድ፣ ደረጃ ሲወጣና ሲቀመጥ በስልክ እንዲቀርጹት። አባትየው እንደ ሒሳብ መዝገብ የተሰመረ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። እናትየዋ አጭር አጭር ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ልጅቷ ግን መጻፉ አሰልቺ ሆነባትና ውሻውን ከላይ ወደ ታች ሲታይ እንደሚመስል ሥላ፣ «ዳማ ያልተደሰተበትን» ቦታ ሁሉ በቀይ እርሳስ ነጠብጣብ ታስቀምጥ ጀመር፤ እሷ የነካችውን ብቻ ሳይሆን እናትና አባቷ የነኩትንም።

በአሥራ ሁለት ቀናት ውስጥ ሥዕሉ ላይ አሥራ አራት ነጠብጣቦች ተጠራቅመው ነበር። አንገቱ ላይ ሦስት አሉ፤ እነዚህ የአባትየው እጅ ወደ አንገት ማሰሪያው ሲዘረጋ የሆኑ ናቸው። የቀሩት አሥራ አንዱ በሙሉ ከወገቡ በታች ናቸው፤ ዘጠኙ በግራ በኩል።

ቪዲዮዎቹን ያየሁት ከሥዕሉ በኋላ ስለነበር የሚታየው ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ። ደረጃ ሲወጣ ሁለቱን የኋላ እግሮች ገጥሞ እንደ ጥንቸል ይዘላል። ሲቀመጥ ግራ እግሩን ወደ ጎን ይጥለዋል። ቆሞ ሲጠብቅ ክብደቱን ወደ ፊት እግሮቹ ያሳልፋል። ወለሉ ለስላሳ ሰድር ነው፤ ሲዞር የኋላ እግሩ ይንሸራተታል። ሶፋው ላይ ከመዝለሉ በፊት ቆሞ ሁለት ጊዜ ያስብበታል፤ ከወጣ በኋላ ግን ለመውረድ ምንም ፍላጎት የለውም። ይህ ውሻ የአለቃ ወንበር አልያዘም። በቤቱ ውስጥ ጎኑን የማይወጋው ብቸኛ ቦታ ሶፋው ስለነበረ ነው የሙጥኝ ያለው። በማሰሪያው ተጎትቶ መውረድ ማለት ደግሞ ወገቡ ተጠምዝዞ በጠንካራ ወለል ላይ ማረፍ ማለት ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ውሻ በዚህ በኩል የተዋጣለት ደባቂ ነው። ሰው የሚጠብቀው ማልቀስን ወይም ማነከስን ነው፤ ለወራት ቀስ እያለ የመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ደግሞ በፍርሃት የሚረጨው አድሬናሊን ሕመሙን ይሸፍነዋል፤ ቤት የሚያነክሰው ውሻ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኔ «እግሮቹ ደህና» የተጻፈው እንደዚህ ነው። ሰበብ ልደርድር አይደለም፤ በድንገት የተለወጠ የሰባት ዓመት ውሻ ፊቴ ቆሞ ሳለ በመጀመሪያ መጠርጠር የነበረብኝ ሰውነቱን ነበር። ዳንኤል ሚልስና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ በጠባይ ችግር ወደ እነሱ ከተላኩ እንስሳት ዝቅ ተደርጎ ሲገመት አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚያም ነገር እንዳለባቸው፣ በአንዳንድ ስብስብ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 80 በመቶ እንደሚጠጋ ጽፈዋል። ይህን ጽሑፍ ዳማ ሳይመጣ በፊት አንብቤው ነበር። አንብቦ ማወቅና ጠረጴዛው ላይ ማስታወስ ሁለት ነገር ነው።

በማደንዘዣ አስተኝተን ራጅ አነሣነው። ሁለቱም የዳሌ መገጣጠሚያዎች ሥር የሰደደ ብግነት ነበረባቸው፤ የግራው የባሰ ነው። ጡንቻው ዘና ስላለ እግሩን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ ማየት ቻልኩ፤ የግራው ከቀኙ እጅግ አጥሮ ነበር የሚዘረጋው። ሆኖም ራጅ ብቻውን ሕመምን አይለካም። ፎቶው አስፈሪ ሆኖ እንደልቡ የሚሮጥ ውሻ አለ፤ ፎቶው ቀላል ሆኖ የሚሰቃይም አለ። ስለዚህ እውነተኛው ፈተና ሕመሙን አስታግሶ ጠባዩን መመልከት ነው። የጉበትና የኩላሊት የደም ምርመራ ካደረግን በኋላ ካርፕሮፌን የተባለውን የውሻ ፀረ ብግነት መድኃኒት ለአራት ሳምንት አዘዝኩ። በዚህ አጋጣሚ፣ ለሰው የተሠራ ማስታገሻ ከቤት አንሥቶ ለውሻ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ መጠኑ ከበዛም ይገድላል።

ከመድኃኒቱ ጋር ሌሎች ለውጦችም ነበሩ፤ ወጪያቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ብዙ። ዳማ በሚመላለስበት መስመር ሁሉ የማያንሸራትት ምንጣፍ ተነጠፈ። ሶፋው ሥር መወጣጫ ሳጥን ተቀመጠ። በሳምንቱ መጨረሻ ይደረግ የነበረው የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ቀርቶ በየቀኑ ሦስት አጫጭር ጉዞ ሆነ። ማስታወሻው ላይ ካሉት መጥፎ ምሽቶች አብዛኞቹ የዋሉት ከረጅሙ ጉዞ በኋላ እንደነበር ያስተዋሉት አባትየው ናቸው፤ ሠንጠረዡ ዋጋ አለው። ምግቡም ተመጠነ፤ በስድስት ወር ውስጥ 29 ኪሎ ደረሰ።

በኅዳጉ ላይ የጻፍኩት «ሌላ ጉዳይ»ም ወደ መሐል ገጽ ተመለሰ። በ2018 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ከሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ ድምፅ የሚፈሩ 20 ውሾችን አነጻጽሮ ነበር፤ ግማሾቹ የጡንቻና የአጥንት ሕመም ያለባቸው፣ ግማሾቹ የሌለባቸው። ሕመም ያለባቸው ውሾች ፍርሃቱ የጀመራቸው በአማካይ ወደ አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። አካሄዱን መገመት አያስቸግርም፤ ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ ውሻው ይደነግጣል፣ ሰውነቱ ይኮማተራል፣ የታመመው መገጣጠሚያ ይወጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ነጎድጓድ የሚያም ነገር ይሆናል። ልጅነቱን በሙሉ ነጎድጓድ ሳይፈራ ኖሮ በሰባት ዓመቱ የሚፈራ ውሻ ካያችሁ ስለ ሰማዩ ከማሰባችሁ በፊት ስለ ወገቡ ጠይቁ። ለዳማ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ብቻ በድድ ላይ የሚደረግ ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጠነው፤ ከሁለት ወር በኋላ አላስፈለገም። በየቀኑ የሚወሰድ እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ ጭንቀትን የሚቀንስ መድኃኒትም አስቤ ነበር። እንዲህ ያለው መድኃኒት ሥራውን ለማሳየት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት ካርፕሮፌኑ ምን እንደሚያመጣ ማየት መረጥኩ።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ደረጃውን እግር በእግር እያፈራረቀ ወጣ። ቪዲዮውን የላከችልኝ ልጅቷ ናት። ቀይ ነጠብጣቦቹ በሳምንት ከስምንት ወደ ሁለት ወረዱ።

ዜሮ ግን አልሆኑም፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ቢታገስም ልጅቷ ወደ ሶፋው ስትቀርብ ዳማ አፍንጫውን ይልሳል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ወርዶ ይሄዳል። የአባትየው እጅ ወደ አንገቱ ሲመጣ ደርቆ ይቀራል። ለወራት ያህል የልጅቷ መቅረብ ሕመም ያስከትል ነበር፤ የአባትየውም እጅ እንዲሁ። ሩሲያዊው ተመራማሪ ፓቭሎቭ የውሾችን ምራቅ እየለካ ያሳየው ይኸው ነው፤ አስቀድሞ የሚመጣው ምልክት በራሱ የሚከተለውን ነገር ስሜት ይወርሳል። መድኃኒት መገጣጠሚያን እንጂ ትዝታን አያክምም።

የተጠቀምንበት መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 ባሳተመችው ሥራ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ትንሽ ልጅ ምግቡን እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከሩቅ አሳይታ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ታቀርበው ነበር፤ ልጁ በመጨረሻ ጥንቸሉን ደባበሰው። ለዳማ ልጅቷ ጥንቸሏ ነበረች። ሦስት ሜትር ላይ ትታያለች፣ እናትየዋ ዶሮ ይሰጡታል፤ ልጅቷ ትሄዳለች፣ ዶሮውም ይቆማል። በሚቀጥለው ቀን ሁለት ሜትር ተኩል። አንዱ ክፍለ ጊዜ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። አፍንጫውን ከላሰ እኛ ቸኩለናል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

በስድስተኛው ሳምንት ነገሩ ተበላሸ፤ ዳማ ዶሮውን ማየት ራሱ ያስጨንቀው ጀመር። ቪዲዮውን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ስሕተቱ ተገለጠልኝ። አባትየው ለውሻው ሲራሩለት መጀመሪያ ዶሮውን ሰጥተው፣ እየበላ ሳለ አንገቱን ይነኩት ነበር። እንደ ሰው ሲታሰብ ደግነት ነው። በውሻው በኩል ግን ዶሮ ሲመጣ የሚያስፈራው እጅ ይከተላል ማለት ሆነ፤ ዶሮው የመጥፎ ነገር ምልክት ሆነ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት፤ መጀመሪያ እጅ፣ አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ ዶሮ፣ እጁ ሲነሣ ዶሮውም ያልቃል። ከሰው ወደ ውሻ ስንሻገር ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው ሥራውን የሚያፈርሱት። ለማስተካከል አሥር ቀን ፈጀብን።

በመጨረሻው ላይ የጨመርነውን ብዙ ቤተሰቦች ይወዱታል። ዳማ አገጩን በታጠፈ ፎጣ ላይ እንዲያሳርፍ ተማረ። አገጩ ፎጣው ላይ እስካለ ድረስ እየተነካ ይሸለማል፤ አገጩን ካነሣ እጅ ሁሉ ወዲያው ይነሣል፣ ማንም አይቆጣም። ዳማ ማጉረምረም ሳያስፈልገው «ተው» የሚልበት ቃል አገኘ ማለት ነው። ልጅቷ ሕጉን ከአዋቂዎቹ ይልቅ ታከብራለች፤ አባቷ አንድ ጊዜ ዘግይተው እጃቸውን ሲያነሡ «አባዬ፣ አገጩን እኮ አነሣ» ብላ ገሠጸቻቸው።

አንድ ቀን ከልምምዱ በኋላ አባትየው ለብቻቸው ቆዩ። «ያን ጊዜ በጀርባው አስተኝቼ ስይዘው ዝም ይል ነበር» አሉኝ። «ያሸነፍኩት መስሎኝ ነበር። ለካስ እያመመው ነው።» በጀርባው የተኛ ውሻ የኋላ እግሮቹ ሲጫኑ ዳሌው ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ራጁን አይተዋል። የምለው አጣሁ። የእኔን «እግሮቹ ደህና» የሚለውን ገጽ አሳየኋቸው።

ዘጠኝ ወር ሆኗል። ዳማ አልዳነም፤ የመገጣጠሚያ ብግነት አይድንም። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ በየስድስት ወሩ ደሙ ይመረመራል። የሳሎኑ በር አልተነሣም፤ እንግዳ ልጆች ሲመጡ ዳማ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ አጥንቱን ያኝካል። በአምስተኛው ወር አንድ የዘመድ ልጅ በሩን ከፍቶ ገብቶ አቀፈው፤ ዳማ አጉረመረመ፣ ተነሥቶም ሄደ። አልነከሰም። የማጉረምረሙ መመለስ እናትየዋን አስደነገጣቸው፤ እኔን ደስ አሰኘኝ። ልጅቷ አሁን አታቅፈውም፤ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ መጥቶ ጀርባዋን ተደግፎ ይተኛል። በዚህ ወር ሥዕሉ ላይ ነጠብጣብ ማስቀመጥ ትታለች፤ ቀይ እርሳሱ ጠፋብኝ አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል መጡ። ዳማ ምንጣፌ ላይ ቆሞ ሳለ እጄን ወደ ግራ ዳሌው ሳሳልፍ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አጉረመረመ። እጄን አነሣሁ። አባትየው ሰዓታቸውን አዩና ወደ እናትየዋ ዞረው፣ «የጠዋቱን መድኃኒት ሰጥተሽዋል?» አሉ። አልሰጡትም ነበር።